የንጉሥ ሚካኤል ታሪክና የሰገሌ ለቅሶ

  የማኅበሩ ኮሚቴ ከአባላት መካከል መጻፍ የሚችል ሁሉ አንዳንድ ነገር እንዲያበረክት ባለፈው ስብሰባ ባሳሰበው መሠረት እኔም እንደ አቅሜ ይችን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የጨረስሁት በመሥሪያ ቤት ጸሐፊነት የሰው ደብዳቤና የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው። ስለዚህ ስሕተት ብታገኙ በይቅርታ እለፉኝ።

የመረጥሁት የንጉሥ ሚካኤልን የሕይወት ታሪክ ነው። ንጉሥ ሚካኤል የወሎ ንጉሥ፣ የልጅ ኢያሱ አባት መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን እኔን ወደ ታሪካቸው የሳበኝ ሌላ ነው። ልጅ ሆኜ አያቴ ታላቅ ወንድማቸውን እያነሱ ሲተክዙ አይ ነበር። ያ ሰው በ1909 ዓ.ም. ንጉሥ ሚካኤልን ተከትሎ ከሐይቅ ወጣ፣ ሰገሌ ላይ ቀረ። የት እንደ ወደቀ ያየ የለም፣ የቀበረውም አልታወቀም። እኔም በኋላ የቅሬያችን መዝገብ ያዥ ሆኜ የሟች ስምና የቀብር ቀን ስጽፍ ያ ስሙ በየትም መዝገብ ያልሰፈረው ሰው ትዝ ይለኝ ነበር። እንግዲህ ጌታው ማን ነበሩ? እንዴትስ እዚያ ላይ ደረሱ? ብዬ በየጊዜው ካነበብሁትና ከሽማግሌ ከሰማሁት ያገኘሁትን ነው የማቀርብላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት ልበል። ወሎ የተራራ አገር ነው። የእኛን አምባሰል ብትወስዱ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ ሲኬድ በስተግራ የሚታየው ሁሉ ገደል በገደል፣ አምባ በአምባ ነው። ግሸን ያለው እዚሁ አምባሰል ውስጥ ሲሆን በድሮ ዘመን የነገሥታት ልጆች መንግሥት እንዳይሻሙ እዚያ ላይ ይጠበቁ ነበር። የአምባሰል ገዥ ጃንጥራር ይባል የነበረውም ከዚያ ከጥንት ጀምሮ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ሐይቁ፣ ከሐይቁም ውስጥ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ። ደጋው ላይ ገብስና ስንዴ፣ ወይና ደጋው ላይ ጤፍ፣ ቆላው ላይ ማሽላ ይዘራል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር ይኖራል፣ ይጋባል፣ ይዋለዳል። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ወንድም መሐመድ ሌላው ገብረ እግዚአብሔር ቢባል በሌላ አገር ይገርም ይሆናል እንጂ በእኛ አገር ማንንም አይገርምም። ታዲያ ይኸው ተራራ ለሰላም ጊዜ ጎተራ፣ ለክፉ ጊዜ ምሽግ ነው። ባላባቱም አምባ ይዞ ሲሸፍት፣ ደመኛውም ጫካ ሲገባ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በ1842 ዓ.ም. ገደማ ነው። ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነበር። አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ፣ እናታቸው ወይዘሮ ጌጢዬ ይባላሉ። ወገናቸው ወሎን ለብዙ ጊዜ የገዛው የወረሂመኖ የኢማሞች ቤት ነው። ይህ ቤት ትልቅ ቤት ነበር፤ ነገር ግን እርስ በርሱ የማይስማማ ቤት ነበር። አንዱ የአጎት ልጅ ሌላውን ይጠባበቃል፣ አንዱ ሲሾም ሌላው አምባ ይወጣል። ሕፃኑ መሐመድ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ነግሠው ወደ ወሎ ዘመቱና መቅደላን ያዙ። ከዚያ በኋላ እስከ 1860 ዓ.ም. ድረስ ወሎ ከዘመቻ አላረፈም።

በዚያ ዘመን በወሎ የታወቁ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ወርቂትና መስተዋት። ሁለቱም የዚያው የኢማሞች ቤት ሰዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው አገሩን ለልጃቸው ለማቆየት ይታገሉ ነበር። የወርቂት ልጅ ኢማም አመዴ በሽር በመቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወርቂት መጡ። ወርቂትም ምኒልክን አሳልፈው ቢሰጡ ልጃቸው ይድን ነበር፤ ግን አልሰጡም፣ ወደ ሸዋ አሳለፏቸው። ዐፄ ቴዎድሮስም በቁጣ የወርቂትን ልጅና ሌሎችንም የወሎ እስረኞች ከገደል አስጣሏቸው። ይህ ሲሆን መሐመድ ዓሊ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። የአንድ ዘመድ አሟሟት እንዲህ ሆኖ ሲሰማ ያደገ ልጅ ምን ሆኖ እንደሚያድግ እናንተው ገምቱ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ በወረሂመኖ ቤት ሁለት ሰዎች ጎልተው ወጡ። አንዱ መሐመድ ዓሊ፣ ሌላው የመስተዋት ወገን የሆኑት አባ ዋጠው የተባሉት ኢማም አመዴ ሊበን ናቸው። ዐፄ ዮሐንስ ከሰሜን፣ ንጉሥ ምኒልክ ከደቡብ ወሎን ይፈልጉ ስለነበር አንዱ ወደ አንደኛው ሲጠጋ ሌላው ወደ ሌላኛው ይጠጋል። ገበሬው ግን በማንም ጊዜ ከፋይ ነው። በዚያን ጊዜ ወታደር ስንቅ የሚሰፈርለት ከመንግሥት አልነበረም። ካረፈበት መንደር ጎተራ ነው የሚበላው። ያለፈው ጦር ወዳጅም ሆነ ጠላት፣ ጎተራው ባዶ ከሆነ በኋላ ለገበሬው ልዩነት የለውም።

በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተደረገ። ዐፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ክርክር ተቆረጠ። ያን ተከትሎም የወሎ ሙስሊም ክርስትና እንዲነሣ ታወጀ። ባላባቶቹም ቀድመው ተጠመቁ። መሐመድ ዓሊን ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተው ሚካኤል ተባሉ፣ የራስነትም ማዕረግ አገኙ። አባ ዋጠውን ንጉሥ ምኒልክ ክርስትና አንሥተው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች የሁለት ነገሥታት የክርስትና ልጆች ሆኑ ማለት ነው። ለሕዝቡ የሦስት ዓመት ጊዜ ተሰጠው።

እዚህ ላይ ነገሩን ሸፋፍኜ ማለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ማኅበራችን የሁለቱም ሃይማኖት ሰዎች ማኅበር ነው። ያ ጊዜ ለወሎ ሙስሊም የመከራ ጊዜ ነበር። እንደ ሼህ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉ ዑለሞች አንቀበልም ብለው ተነሡ፣ ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ወደ ቆላ ተሰደደ። የቀረውም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረ ብዙ ነው። በ1870ዎቹ ዓመተ ምሕረት ዓመፁን ለማብረድ ከዘመቱት መሪዎች አንዱ ራስ ሚካኤል ራሳቸው ነበሩ። የገዛ ወገናቸውን፣ ትናንት አብረው የሰገዱትን ሰዎች ነው የወጉት። በልባቸው ምን እንደ ነበረ የሚያውቀው አምላክ ብቻ ነው። ሆኖም ዐፄ ዮሐንስ ካለፉ በኋላ ግዴታው ላላና ብዙው ሰው ወደ እምነቱ ተመለሰ። ራስ ሚካኤል ግን በክርስትናቸው ጸኑ። ሆኖም ሙስሊሙ ዘመዳቸው ከቤታቸው አልራቀም፣ ከጦራቸውም ውስጥ ሙስሊሙ ፈረሰኛ ብዙ ነበር። ወሎ ወደ ኋላ አብሮ መኖሩን ያልተወው እንዲህ ካለው ጊዜ በኋላ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

መከራ ብቻውን አይመጣም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን ሆነ። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ ከሰሜን እስከ ደቡብ ያለውን በሬ ፈጀው። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ዝናብም ጠፋ፣ አንበጣና አይጥም የቀረውን ጨረሰ፣ ኮሌራና ፈንጣጣም ተከተለ። ሰው መሬቱን በመቆፈሪያ መቆፈር ጀመረ። ዐፄ ምኒልክም ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ራሳቸው መቆፈሪያ ይዘው እንደ ቆፈሩ ይታወቃል። አያቴ ከእናታቸው እንደ ሰሙት፣ የዚያን ጊዜ ሰው የሞተበትን ለመቅበር ጉልበት አልነበረውም፤ ቀባሪውም ሟች ነበርና። ጅቡም ሰው ለመደ። እንግዲህ በቅሬ ቆጥረን፣ ተረዳድተን፣ ጉድጓድ ቆፍረን መቅበራችን ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ዘመን ያስታውስ።

በዚያው ክፉ ቀን መካከል በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። ራስ ሚካኤልም ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ከሁለት ወር በኋላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰላችን ውጫሌ ላይ ዐፄ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ የተፈራረሙት ውል ይታወቃል። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛውና ጣልያንኛው ሳይገጥም ቀርቶ ነገር መጣ። እኔ በጸሐፊነት ስኖር አንድ ቃል ሲሳሳት ሰው ምን ያህል እንደሚጉላላ አይቻለሁ፤ የውጫሌው ቃል ግን አገርን ከአገር አዋጋ። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወረኢሉ ላይ ሲከተት ራስ ሚካኤል የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ተነሡ። በኅዳር ወር አምባላጌ ላይ ከራስ መኰንንና ከራስ መንገሻ ዮሐንስ ጋር ነበሩ። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይም የጄኔራል ዳቦርሚዳ ጦር በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ በኩል ሲያፈገፍግ ሸለቆው ውስጥ አግኝቶ የጨረሰው የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ነው። ትናንት በሃይማኖት ምክንያት የተዋጋው የወሎ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ያን ቀን በአንድ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ያህል ሆኖ ተዋጋ ማለት ይቻላል።

ከዓድዋ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የራስ ሚካኤል የደኅና ጊዜ ናቸው። መቀመጫቸው አስቀድሞ ተንታ ነበር፤ በኋላ ደሴን ዋና ከተማቸው አደረጓት። ደሴም ከጦር ሰፈርነት ወደ ገበያና ከተማነት ያደገችው በእሳቸው ጊዜ ነው። ከአፋር ጨው፣ ከቆላ ማሽላና ጥጥ፣ ከደጋ ገብስና ማር እየመጣ ይሸጥባት ነበር። ደሴ ላይ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ስሙ ራሱ እንደሚነግረን ትልቁም ትንሹም ሳይጠየፍ ገብቶ የሚበላበት ነበር። ግብር ሲበላ ባላገሩም፣ ወታደሩም፣ ለማኙም ይገባል። እርግጥ ነው፣ ያ የሚበላው እህልና ሥጋ ከሰማይ አልወረደም፤ ከሰፊው ሕዝብ በግብርና በመስተንግዶ የተሰበሰበ ነው። ቢሆንም ከብዙ ገዥ ቤት የእሳቸው ቤት ደጁ ሰፊ ነበር ይላሉ ሽማግሎቹ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ራስ ሚካኤል ሰላምን የፈለጉት በጋብቻ ነው። በተራራ አገር ሁልጊዜም እንዲህ ነው። ሁለት ቤት ደም ከተቃባ አንዱ ልጁን ለሌላው ይድርና ነገሩ ይበርዳል። ከጎረቤት እስከ ንጉሥ ይኸው ነው ልማዱ። እሳቸውም የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ። በ1887 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ተወለዱ። ሌላዋን ልጃቸውን ወይዘሮ ስሂንን ደግሞ ለእኛው ለአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ዳሩ። ከዚያ ጋብቻ በ1880ዎቹ መጀመሪያ እዚሁ አምባሰል ውስጥ የተወለዱት ወይዘሮ መነን፣ በኋላ እቴጌ መነን የሆኑት ናቸው። ወይዘሮ መነን መጀመሪያ ለሌሎች፣ ቀጥሎም ለሸዋው ለራስ ልዑል ሰገድ ተድረው ነበር። ከዚያም በ1903 ዓ.ም. ከደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ጋር ተጋቡ። እንግዲህ ቁጠሩት። የሸዋው ቤተ መንግሥት አማታቸው፣ አልጋ ወራሹ ልጃቸው፣ ተፈሪ የልጅ ልጃቸው ባል፣ ራስ ልዑል ሰገድም የልጅ ልጃቸው የቀድሞ ባል። ዘመድ ያልሆነ የቀረ ትልቅ ቤት አልነበረም።

በ1901 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አስታወቁ። ዐፄው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ግንቦት 23 ቀን ራስ ሚካኤል ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው የወሎንና የትግሬን ዘውድ ጫኑ። ዕድሜያቸው ወደ 64 ደርሶ ነበር። ከመሐመድ ዓሊነት ተነሥተው የንጉሠ ነገሥት አባት ለመሆን የቀራቸው የልጃቸው ዘውድ መጫን ብቻ ነበር። ልጅ ኢያሱ ግን ዘውድ ሳይጭኑ ከመኳንንቱ ጋር ተቃቃሩ። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው አልገዙም፣ ወደ አፋርና ወደ ሐረር ይመላለሱ ነበር፣ ከሙስሊሙ ጋር መቀራረባቸውም ክስ ሆነባቸው። የአውሮፓ ጦርነት ጊዜ ስለነበር የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ መልእክተኞችም ጠመዷቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት አዲስ አበባ ላይ ተሻሩ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ተባሉ። ወይዘሮ ዘውዲቱ ደግሞ የሟቿ የወይዘሮ ሸዋረጋ እኅት ናቸው።

ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው መሻሩን ሲሰሙ የወሎን ክተት አዘዙ። ከተንታ፣ ከቦረና፣ ከአምባሰል፣ ከሐይቅ፣ ከየጁ ሰው ተነሣ። ቁጥሩ 80,000 ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። አያቴ እንደሚሉት ታላቅ ወንድማቸው ሲወጣ እህሉ ገና ማሳ ላይ ነበር። ለአጨዳ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው።

ጦሩ ወደ ሸዋ ወረደ። ቶራ መስክ ላይ የጠበቃቸው ራስ ልዑል ሰገድ ነበሩ። የልጅ ልጃቸው የቀድሞ ባል ማለት ነው። ንጉሥ ሚካኤል ያን ጦር ድል አደረጉት፤ ራስ ልዑል ሰገድም ከብዙ ሰው ጋር ሞቱ። ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ቶሎ ቢገሰግሱ ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። እሳቸው ግን ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን በመጠበቅ ዘገዩ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም የማዘናጊያ መልእክት ልከውባቸው ነበር ይባላል። የዘገዩባቸው ቀናት ለሸዋ ጠቀሙት፤ ከደቡብም ከምዕራብም ሠራዊት ደረሰለት። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰንዳፋ አጠገብ ሰገሌ ሜዳ ላይ ሁለቱ ገጠሙ። መትረየስና መድፍ በሁለቱም በኩል ነበር። የወሎ ፈረሰኛ ዓድዋ ላይ ጠላትን እንዳባረረ ሁሉ እዚህም ሮጦ ገባ። አሁን ግን ከፊቱ ያለው ሸዋዬ ነው። ዓድዋ ላይ አብሮት የዋለው፣ አንድ ቋንቋ የሚናገር፣ ምናልባትም አማቹ። ጥይት አለቀ፣ መስመሩ ፈረሰ፣ ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ልጅ ኢያሱም ጦር ይዘው ሲቃረቡ ነገሩ አልፎ ነበርና ወደ ኋላ ተመለሱ። በአንድ ቀን የወደቀው ሰው ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነው። የዓድዋ ድል ከሆነ ገና ሃያ ዓመት ማለፉ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሠራዊቱ ሲሰለፍ ንጉሥ ሚካኤል በሰንሰለት ታስረው፣ ጥቁር ካባ ለብሰው በሕዝቡ ፊት አለፉ። የማረኳቸው መኳንንት፣ የተቀመጡት ንግሥት፣ አልጋ ወራሹም ሁሉም በጋብቻ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ያ ሁሉ ጋብቻ ሰንሰለቱን ሊያወልቅላቸው አልቻለም። ከዚያ በሸዋ በግዞት ተቀምጠው ጳጉሜን 1910 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። ወደ 68 ዓመት ሆኗቸው ነበር። አይጠየፍ ውስጥ ስንቱን ያበላ ሰው፣ የእሳቸው ሞት ሲሰማ ወሎ ወጥቶ ሬሳቸውን አልተሸከመም፤ ያገራቸው ሰው ከፊታቸው ቆሞ አላለቀሰም። ልጃቸውም ልጅ ኢያሱ በ1913 ዓ.ም. ተይዘው በእስር ኖረው በ1928 ዓ.ም. ሞቱ፤ የመቃብራቸው ቦታ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

እዚህ አገራችን ምን ሆነ? ከሰገሌ በኋላ የሸዋ ጦር ወሎን ያዘ። ደሴም ተዘረፈች። እስከ 1909 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ይመርና ሌሎችም የንጉሡ ሰዎች ሲዋጉ ቆይተው አለቁ። ያ ማሳ ላይ የነበረው እህል ያልታጨደውም ረገፈ፣ የታጨደውንም ወታደር በላው። ንጉሡ በሞቱ በሁለት ወራቸው ደግሞ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ መጣና ከጦር የተረፈውን ለቀመው። ቅድመ አያቴ፣ የዚያ የሰገሌው ሰው እናት፣ ልጃቸው ስለ መሞቱ እርግጥ የሆነ ነገር ባለማግኘታቸው ለብዙ ዓመት ለቅሶ አልተቀመጡም። ያላዩትን ሬሳ እንዴት ያልቅሱ? ማታ ማታ በሩን ሳይቀረቅሩ ያድሩ ነበር አሉ። በመጨረሻ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በግድ ለቅሶ አስቀመጣቸው። በልብሱ ላይ ተለቀሰ። ካህኑም ፈታ፣ ሙስሊሙም ዱዓ አደረገ። ያን ጊዜ በራቸውን መቀርቀር ጀመሩ ይሉ ነበር አያቴ። እሳቸው ይህን ሲነግሩኝ ዕድሜያቸው ሰባ አልፎ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያንጊዜ እንደሆነ ነገር ይንቀጠቀጥ ነበር።

የተከበራችሁ አባላት፣ ይህን ታሪክ የጻፍሁት ንጉሥ ሚካኤልን ለማወደስ ወይም ለመውቀስ አይደለም። ጀግና ነበሩ፣ ዓድዋ ምስክር ነው። በወገናቸውም ላይ ዘምተዋል፤ እሱም አይካድም። እኔ የማስተውለው አንድ ነገር ነው። ትልልቆቹ ቤቶች ሰላምን በጋብቻ ሊገዙት ሞከሩ፤ ያ ሰላም የሥልጣን ጉዳይ እስኪመጣ ብቻ ቆየ። ምክንያቱም ጋብቻው የጌቶቹ ነበር፤ ሟቹ ግን ባላገሩ ነው። ባላገሩ ለራሱ ያበጀው ሰላም ሌላ ነው። አንዱ አበጋር ነው። በእኛ አገር ደም ሲፈስ አበጋሮች ገብተው የገዳይንና የሟችን ወገን አገናኝተው፣ ካሣ አስቆጥረው፣ አስምለው ደም ያደርቃሉ። ሙስሊም ክርስቲያን አይሉም። ሁለተኛው ቅሬ ነው። ሌላ አገር እድር የሚሉት እኛ ቅሬ የምንለው ነው። ሰው ሲሞት የሚጮኸውን ሰምቶ መምጣት፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ ቃሬዛ መሸከም፣ ንፍሮና እንጀራ ማምጣት። የክርስቲያኑን ሙስሊሙ ይቆፍራል፣ የሙስሊሙን ክርስቲያኑ ይቆፍራል። ንጉሥ ሚካኤል ያጡት ይህንን ነው። እኛ በወር በምናወጣት ጥቂት ብርና በጉልበታችን ያለን ይህ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ውጫሌን፣ ሐይቅንና ደሴን ሲያዳርስ ምን እንዳየን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም። ዘሩ ያልታወቀ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው በየሜዳው ወድቆ ነበር። ከመካከላችን መቆፈሪያ አንሥተው የማያውቁትን ሰው የቀበሩ አሉ። የማንም ልጅ ይሁን፣ የሆነች እናት በሩን ሳትቀረቅር የምትጠብቀው ነው ብለው ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ እነሱም አይፈልጉም። እኔ ግን ያን ጊዜ የአያቴን ወንድም አሰብሁ። ምናልባት ሰገሌ ላይም አንድ የማላውቀው የሸዋ ባላገር አፈር አልብሶት ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ስለዚህ ልጆቻችን ቅሬ የሽማግሌ ነገር ነው እያሉ እንዳይርቁ አደራ። ገንዘብ ሰጥቶ መቅረትም አይበቃም። ጉድጓዱ ላይ በአካል መገኘት ያስፈልጋል። መዝገቡም በትክክል ይያዝ፤ ስም አይጥፋ። አንድ ስም ሲጠፋ ስንት ዓመት እንደሚያስለቅስ ከቤቴ አውቀዋለሁ። ያለፉትን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማር፣ በጀነት ያኑራቸው። ለእኛም አገራችንን ሰላም ያድርግልን፣ ለከርሞው መጽሔት በደኅና ያድርሰን። አሜን።